ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የተሠራ 150 ዋት-ሰዓት ፓወር ባንክ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የታሰበው

መብራት ሲጠፋ የቤተሰቡን ስልኮች የሚሞላ፣ የዋይፋይ ራውተሩንም ከማታ እስከ ንጋት የሚያቆይ ባትሪ። በውስጡ 20 ሴል ይገባል፤ ሁሉም 18650 በሚባለው መጠን (18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት) የተሠሩ የሊቲየም አዮን ሴሎች ናቸው። አያያዛቸው ሙሉ በሙሉ በትይዩ ነው፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ።

ትይዩ የተመረጠበት ምክንያት አለ። ያገለገሉ ሴሎች ዕድሜያቸውም አቅማቸውም አንድ አይደለም። በተከታታይ ሲያያዙ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ሌሎቹ እየገፉ ከልክ በታች ያወርዱታል፤ ሲሞላም ቀድሞ ይሞላና ከልክ በላይ ይወጣል። በትይዩ ግን ሁሉም ቮልቴጃቸው አንድ ነው፤ ብርቱው ብዙ፣ ደካማው ጥቂት ይሰጣል። ጉዳቱ ቮልቴጁ ዝቅተኛ ስለሆነ አምፔሩ መብዛቱ ነው። 18 ዋት ለማውጣት ከ3.3 ቮልት ላይ ከ6 አምፔር በላይ ይሳባል። ይህን ንቆ ቀጭን ሽቦ መጠቀም ምን እንደሚያመጣ 24ኛው ቀን ላይ ታይቷል።

ዕቃው፦ 5 የሞቱ የላፕቶፕ ባትሪዎች፣ 18 ዋት የሚሰጥና በታይፕ-ሲ የሚሞላ በአይፒ5328ፒ ቺፕ የተሠራ የፓወር ባንክ ሰሌዳ፣ ለ1 ተከታታይ (ሴሎቹ ሁሉ በትይዩ ለሆኑበት ጥቅል) የሚሆን፣ ከልክ በላይ መሙላትንና መራገፍን የሚከለክል 10 አምፔር የመከላከያ ሰሌዳ፣ 15 አምፔር የመኪና ፊውዝ ከነማቀፊያው፣ 20 የፕላስቲክ ሴል መያዣ ለሁለቱም ጫፍ፣ ከቤት መስመር የተረፈ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ድፍን መዳብ ሽቦ፣ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ተጣጣፊ ሽቦ፣ ሊድ፣ ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት)፣ በራሱ የሚጣበቅ የወረቀት ቀለበት፣ ቴስተር።

1ኛ ቀን፦ መፍታት

እያንዳንዱ የላፕቶፕ ባትሪ 10.8 ቮልት፣ 4,400 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይላል። ውስጡ 6 ሴል ነው፤ ሁለት ሁለት በትይዩ፣ ሦስቱ ጥንድ በተከታታይ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴል አዲስ ሳለ 2,200 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነበር ማለት ነው።

ለመክፈት ቢላዋ አይሆንም፤ መጋጠሚያውን አልፎ ሴሉን ይበሳል። ጠፍጣፋ ግን ያልተሳለ ካቻቢቴ መጋጠሚያው ላይ አስገብቶ ማዞር ይሻላል፤ ፕላስቲኩ ጫፍ ጫፉን እየተሰነጠቀ ይለቃል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ከእጅ ላይ ወጥቷል። የኒኬል ቅጠሎቹ የተቆረጡት አንድ በአንድ ነው። ሁለት ቅጠል በአንድ መቁረጫ አፍ ውስጥ ከገባ፣ መቁረጫው ራሱ ሁለቱን አገናኝቶ ሾርት ያደርጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ኒኬሉን በፒንሳ ጠቅልሎ ከሴሉ ላይ ሙልጭ አድርጎ ይነቅለዋል። ይህ ስህተት ነው። ከሴሉ ጋር በፋብሪካ የተበየደው ኒኬል 8 ሚሊሜትር ያህል ጭራ ሲቀርለት፣ በኋላ ሊዱ የሚያርፈው ጭራው ላይ ይሆናል፤ ሙቀቱ ሴሉን አይነካም። ከ30ው ሴል 26ቱ በሁለቱም ጫፍ ጭራ ይዘው ወጥተዋል።

የሴሉን ፖዘቲቭ ጫፍ ቀረብ ብላችሁ እዩት። መሃል ላይ ከፍ ያለችው ቆብ ፖዘቲቭ ናት። በዙሪያዋ ያለው ታጥፎ የገባ የብረት ጠርዝ ግን የቆርቆሮው አካል ነው፤ ቆርቆሮው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ኔጋቲቭ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥም። ከቆቧ ወደ ጎን የሚወጣውን ኒኬል ከዚያ ጠርዝ የሚለየው ቀጭኑ የፕላስቲክ ልባስ ብቻ ነው። ኒኬሉ ልባሱን ከፋቀ አንዱ ሴል በራሱ ላይ ሾርት ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ፣ ከጭራው ሥር፣ የወረቀት ቀለበት ተለጥፏል። ልባሳቸው የተቀደደ 7 ሴሎች አዲስ ልባስ ለብሰዋል። ናስትሮ አይተካውም፤ ሲሞቅ ሙጫው ይለቃል።

በቴስተር ሲለኩ 3ቱ 0.4፣ 1.1 እና 1.7 ቮልት አሳይተዋል። ከ2 ቮልት በታች ሆኖ የቆየ ሴል ይጣላል። በዚያ ቮልቴጅ ከኔጋቲቩ ወገን ያለው የመዳብ ፎይል ወደ ፈሳሹ መሟሟት ይጀምራል፤ ሲሞላ መዳቡ ተመልሶ ያልተፈለገ ቦታ ላይ ይሰፍርና ከውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። እንዲህ ያለው ሴል በትንሽ አምፔር ተገፍቶ ሲነሣ የዳነ ይመስላል፤ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። ሌሎች 2ቱ ፖዘቲቭ ጫፋቸው ዝጓል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታም አላቸው። ፈሳሹ አፈትልኳል ማለት ነው። 5ቱም ጫፋቸው በናስትሮ ተሸፍኖ ተለይተዋል። 25 ቀሩ።

2ኛ–6ኛ ቀን፦ አቅም መለካት

ባለ 4 ቦታ አቅም መለኪያ ቻርጀር ላይ እያንዳንዱ ሴል እስከ 4.2 ቮልት ይሞላል፣ በ0.5 አምፔር እስከ 2.8 ቮልት ይራገፋል፣ እንደገና ይሞላል። አንድ ዙር 15 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ አምስት ቀን ሄዷል። በየሴሉ ላይ ቁጥር፣ አቅም፣ ቀን በማርከር ተጽፏል። የሚለካው ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ሰው በተራ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ብቻ ነው።

የሙቀት ፍተሻው ቀላል ነው፤ ሴሉ ሊሞላ ሲቃረብ በእጅ ይነካል። ለብ ያለ ችግር የለበትም። 9 ቁጥር ግን እጅ የማያስይዝ ሆነ፤ መለኪያው ከ3,000 በላይ አስገብቶ አልሞላ አለ። 2,200 ብቻ ወደሚይዝ ሴል 3,000 ከገባ ትርፉ ሙቀት እየሆነ ነው። ወጣ። ሌሎች 3ቱ ከ1,700 በታች ሰጡ፤ እነርሱም ወጡ። 21 ቀሩ፤ አቅማቸው ከ1,860 እስከ 2,290።

7ኛ–21ኛ ቀን፦ ማሳረፍ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ምንም የማይሠራበት ሁለት ሳምንት ስለሆነ ይመስለናል። ለእኛ ግን ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሴሎቹ በሞሉ ማግስት ቮልቴጃቸው ይመዘገባል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካቸው 14 ቀን ይቀመጣሉ።

ሃያው ከ4.14 እስከ 4.18 ባለው ውስጥ ቆይተዋል። 17 ቁጥር 3.97 ላይ ወርዷል። 17 ቁጥር በአቅም ልኬቱ 2,290 የሰጠው፣ ከሁሉም አንደኛ የወጣው ሴል ነው። አቅም መለኪያው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሳልና ቀስ ብሎ ከውስጥ የሚያፈሰውን ሴል ሊይዘው አይችልም። እንዲህ ያለው ሴል በትይዩ ጥቅል ውስጥ ቢገባ የራሱን ብቻ ሳይሆን የአሥራ ዘጠኙንም ሌት ተቀን ይጠጣል፤ ፍሳሹ እየባሰ ከሄደ ደግሞ አሥራ ዘጠኙ ተባብረው ያሞቁታል። ከ4.10 በታች የወረደ ሁሉ ይጣል።

የ20ው አማካይ 2,080፣ ድምሩ 41,600 ሚሊአምፔር-ሰዓት። በ3.6 ቮልት ሲባዛ 150 ዋት-ሰዓት ገደማ።

22ኛ ቀን፦ ማገጣጠም

መጀመሪያ ቮልቴጅ ማመሳሰል። አንዱ ሴል ከሌሎቹ በ0.5 ቮልት ቢያንስ፣ የውስጥ ተቃውሞው 50 ሚሊኦም ቢሆን፣ ወደ አሥራ ዘጠኙ ሲገናኝ 9 አምፔር ተኩል ያህል በቅጽበት ይገባበታል። ስለዚህ 20ውም እንደገና ተሞልተው አንድ ሌሊት አርፈው፣ ልዩነታቸው ከ0.02 ቮልት በታች ሲሆን ተያያዙ።

መያዣው 4 በ5 ነው። በረድፎቹ መካከል ልጣጩ የወጣለት 2.5 ድፍን መዳብ ተዘርግቷል፤ በአንድ ወገን ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጋቲቭ። የኔጋቲቭ ጭራዎች በቀጥታ መዳቡ ላይ ተበየዱ። በፖዘቲቭ በኩል ግን እያንዳንዱ ሴል የራሱ ፊውዝ አለው፤ የፊውዙ ሽቦ ከቤት ውስጥ ገመድ ይገኛል። 0.75 ሚሊሜትር ካሬ ተጣጣፊ ሽቦ ውስጡ 24 ፀጉር አለ፤ እያንዳንዱ ፀጉር 0.2 ሚሊሜትር ነው። አንዷ ፀጉር በ7 አምፔር ገደማ ትቀልጣለች። በጥቅሉ ውስጥ አንድ ሴል የሚሰጠው 0.3 አምፔር ስለሆነ በደህናው ጊዜ አትሞቅም፤ አንዱ ሴል ከውስጥ ሾርት ሲሆንና ሌሎቹ ሊያፈሱበት ሲሮጡ ግን ተቃጥላ ትለየዋለች። ርዝመቷ 3 ሳንቲሜትር፣ ትንሽ ቀስት ተደርጋ፤ ልባስ ላይ እንዳታርፍ።

መበየጃው 80 ዋት፣ አፉ ሰፊ፣ 370 ዲግሪ። ቀጭን አፍ ያለው ትንሽ መበየጃ ለሴል የዋህ ይመስላል፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሙቀቱ ስለሚያንሰው አሥር ሰከንድ መያዝ ይጠይቃል፤ በዚያ ጊዜ ሙቀቱ ሴሉ ውስጥ ይገባል። ሰፊው አፍ በ2 ሰከንድ ጨርሶ ይነሣል። ጭራ በሌላቸው 3 ሴሎች ላይ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ፍላክስ ተቀብቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተነክቶ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ቀዝቅዟል። በተለይ ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ መዘግየት አይገባም፤ ከቆቧ ሥር ያለው የፕላስቲክ ማሸጊያ ከቀለጠ ሴሉ ማፍሰስ ይጀምራል።

23ኛ ቀን፦ መከላከያና ሰሌዳ

ከፖዘቲቩ መዳብ እንደወጣ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ 15 አምፔሩ የመኪና ፊውዝ ገብቷል። ከዚያ የመከላከያ ሰሌዳው፣ ከዚያ የፓወር ባንክ ሰሌዳው። የፓወር ባንኩ ቺፕ የራሱ መከላከያ አለው፤ ቢሆንም ከባትሪው ጋር ብቻ የሚነጋገር ሁለተኛ ዘብ ያስፈልጋል፤ ቺፑ ራሱ ሲበላሽ የሚያቆመው ሌላ የለም።

እንደተያያዘ መውጫው ላይ 0 ቮልት ነበር። ይህ ብልሽት አይደለም። ብዙዎቹ የመከላከያ ሰሌዳዎች መጀመሪያ ሲያያዙ ዘግተው ይጠብቃሉ። የባትሪው ኔጋቲቭና የመውጫው ኔጋቲቭ ለቅጽበት በሽቦ ሲገናኙ ወይም ቻርጀር ሲሰካ ይከፍታሉ። ሰሌዳው ተቃጥሏል ብሎ ከመጣል በፊት ይህን መሞከር ነው።

24ኛ ቀን፦ የመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ

ሞልቶ፣ በ9 ቮልት 2 አምፔር ጭነት ተለቀቀ። 7 ሰዓት ያህል ይጠበቅ ነበር፤ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ጠፋ። ወዲያው ሲለካ ባትሪው 3.4 ቮልት አለው፤ ገና ያልጨረሰ። እንደገና ጭነቱ ላይ ሆኖ ሁለት ቦታ ተለካ፤ በሴሎቹ ላይ 3.41፣ በሰሌዳው መግቢያ ላይ 2.98። በመንገድ ላይ 0.43 ቮልት ጠፍቷል። ሰሌዳው የሚያየው የራሱን መግቢያ ብቻ ስለሆነ ባትሪው አለቀ ብሎ ዘጋ።

ጥፋተኞቹ በቴስተር አንድ በአንድ ተገኙ። ከሰሌዳው ጋር የመጣው ቀጭን ሽቦ፣ ትንሿ ነጭ ማገናኛ ሶኬት፣ እና 10 አምፔር የተባለው ነገር ግን አምፔሩ የሚያልፍባቸው ሁለት ትንንሽ ትራንዚስተር ብቻ ያሉት የመከላከያ ሰሌዳ፤ እያንዳንዳቸው ድርሻ ነበራቸው። ሽቦው በ1.5 ሚሊሜትር ካሬ ተተካ፤ ከ15 ሳንቲሜትር አልበለጠም። ማገናኛዋ ወጥታ በቀጥታ ተበየደ። መከላከያውም 6 ትራንዚስተር በትይዩ ባለው ተቀየረ። ልዩነቱ ከ0.43 ወደ 0.12 ቮልት ወረደ። ሴል መጨመር ሳያስፈልግ የቀረው ጉልበት ተገኘ።

25ኛ–26ኛ ቀን፦ ትክክለኛው አቅም

በ5 ቮልት 2 አምፔር፣ 12 ሰዓት ከ48 ደቂቃ። ይህ 128 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከ150ው 85 በመቶ። ቀሪው ቮልቴጁን በማሳደግ፣ በሽቦና ሰሌዳው በሚዘጋበት ገደብ ሄዷል።

በሚሊአምፔር-ሰዓት ሲነገር 5 ቮልት ላይ የወጣው 25,600 ብቻ ነው። ሴሎቹ 41,600 ናቸው። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው፤ አንዱ በ3.6፣ ሌላው በ5 ቮልት የተቆጠረ። ሱቅ ውስጥ ያሉ ፓወር ባንኮች በጉልህ የሚጽፉት በ3.6 ቮልት የተቆጠረውን ነው። ለማወዳደር ዋት-ሰዓቱን ማየት ይበልጣል። 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያለው ስልክ 19 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ 22 ወይም 23 ይወስዳል። ስለዚህ ጥቅሉ ከ5 ስልክ ትንሽ በላይ ከባዶ ይሞላል።

ጥቅሉ ራሱ በ18 ዋት ቻርጀር 10 ሰዓት፣ በተራው 5 ቮልት 2 አምፔር ቻርጀር ከ17 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት በፈረቃ በሚሆንበት ሰፈር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

27ኛ ቀን፦ ራውተሩ

ራውተሩ 12 ቮልት 1 አምፔር ይላል፤ ሲለካ የሚበላው 7 ዋት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ኤምቲ3608 የሚባለው ትንሽ ቮልቴጅ ማሳደጊያ ነበር። እርሱን የሚሞክር ሰው ይህን ይወቅ፤ ማስተካከያ ብሎኗ ብዙ ዙር ስለሆነች መጀመሪያ 20 ዙር ያህል ወደ ግራ እስክትዞር ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል። ነገር ግን ከ3.3 ቮልት 7 ዋት ለማውጣት 2.5 አምፔር ያህል ይስባል፤ ለዚያች ሰሌዳ ይህ ብዙ ነው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሽቦ ጥምጥሟ ከሙቀት የተነሣ በእጅ አትነካም። ትልቁ ኤክስኤል6009 ደግሞ በአምራቹ ሰነድ መሠረት ከ5 ቮልት በታች አይሠራም።

የተሻለው መንገድ ከፓወር ባንኩ ሰሌዳ ራሱ 12 ቮልት መጠየቅ ሆነ። ፒዲ ትሪገር የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ታይፕ-ሲው ላይ ተሰክታ 12 ቮልት ታዝዛለች፤ ሰሌዳውም እስከ 1.5 አምፔር ይሰጣል። ራውተሩ ከመሰካቱ በፊት ቮልቴጁም የሶኬቱ የውስጥ ጫፍ ፖዘቲቭ መሆኑም በቴስተር ተረጋግጧል። በ7 ዋት 18 ሰዓት ይቆያል።

አንድ ጉድለት አለ። ጥቅሉ እየሞላ ሳለ ራውተሩም ከተሰካ ሰሌዳው መውጫውን ወደ 5 ቮልት ይመልሳል፤ ራውተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ይህ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚተው አይደለም፤ መብራት ሲሄድ በእጅ ይሰካል። ሌላው፣ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ በጣም ትንሽ የሚስብ ነገር ሲሰካ ሰሌዳው ምንም የለም ብሎ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ይዘጋል። ትንሽ የዩኤስቢ መብራት አብሮ ሲሰካ ግን ይቆያል።

28ኛ ቀን፦ ሣጥን

የኤሌክትሪክ መስመር ማገናኛ የፕላስቲክ ሣጥን። ቀድሞ የተገዛው 150 በ110 በ70 ሚሊሜትር አልሆነም፤ ሴሉ 65 ቢሆንም ከመያዣውና ከመዳቡ ጋር ከ75 አልፏል። ሣጥን የሚገዛው ጥቅሉ ተሠርቶ ከተለካ በኋላ ነው። ክብደቱ ከ1 ኪሎ ይበልጣል። ሰሌዳው ስለሚሞቅ ከሴሎቹ በወፍራም ፋይበር ተለይቶ ተቀምጧል፤ ሣጥኑም በሁለት ጎን ተበስቷል፤ ሴል ጋዝ ቢለቅ መውጫ እንዲያገኝ። ቢያጨስ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ጢሱን አለመተንፈስ፣ የሚቻል ከሆነ በብዙ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው።

ውጭ አገር ሠርቶ በሻንጣ ለመላክ ለሚያስብ፦ አይሆንም። አየር መንገዶች ያለ ፈቃድ የሚቀበሉት እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ። ከዚህም በላይ ባትሪው ዩኤን 38.3 የተባለውን ፈተና ያለፈ ዓይነት መሆን አለበት፤ በእጅ የተሠራ ጥቅል ይህን አላለፈም።

58ኛ ቀን፦ ፍተሻ

ከአንድ ወር አገልግሎት በኋላ ሣጥኑ ተከፍቶ ሁሉም ሴል በየተራ ተለካ። አሥራ ዘጠኙ 3.92። 12 ቁጥር ብቻ 4.16። ከጥቅሉ የተለየ ሴል እንዲህ ነው የሚታወቀው፤ ሌሎቹ ሲወርዱ እርሱ ባለበት ይቀራል። የፊውዝ ፀጉሯ ተቆርጣለች፤ አልተቃጠለችም፤ ጫፏ ላይ የመቅለጥ ምልክት የለም። የሣጥኑ ክዳን ሲዘጋ ወፍራሙ ሽቦ ተጭኗት ነበር። ሽቦው በሌላ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ በማሰሪያ ተይዟል።

በ0.24 ቮልት ልዩነት ወዲያው መበየድ አልተፈለገም። ጥቅሉ እስከ 4.15 ከተሞላና አንድ ሌሊት ካረፈ በኋላ አዲስ ፀጉር ተበየደች። 20ውም 4.15። ቀጣዩ ልኬት ከ3 ወር በኋላ።